በአዲስ ሠፈራ የቤት መሥሪያ አመራረጥና የውሃ አጠባበቅ፦ ከአሰላና ከአርሲ ደጋ የተገኘ ትምህርት

ለአዲስ ሠፈራ ዕቅድ በሚወጣበት ጊዜ የቤት ሥራው በአንድ ሠንጠረዥ፣ የውሃው ጉዳይ በሌላ ሠንጠረዥ ተይዞ ሁለቱም ለየባለሙያው መሰጠታቸው የተለመደ ነው። የቤቱ ክፍል የምሰሶውን፣ የማገሩንና የቆርቆሮውን ብዛት ይቆጥራል፤ የውሃው ክፍል የጉድጓዱን ጥልቀትና የፓምፑን ዓይነት ይመረምራል። ይሁን እንጂ የጭቃ ግድግዳ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ የሣር ክዳን ለማጠራቀም የሚሆነውን ዝናብ ያስቀራል፤ ለቋሚ ተብሎ ምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ምንጩን ያሳንሳል። ስለሆነም ቤቱን የሚያቅድ ባለሙያ ሳያውቀው ውሃውንም እያቀደ ነው። ይህ ጽሑፍ በአሰላ ዙሪያና በአርሲ ደጋ ካለው ሁኔታ በመነሣት ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ መዝገብ ቢያዙ ምን እንደሚገኝ በቁጥር ለማሳየት ይሞክራል።

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ ጭላሎ ወደ 4,000 ሜትር ይነሣል። በስተምዕራብ ግን መሬቱ እያዘቀዘቀ ሄዶ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የዝዋይ ሐይቅ ዳር ያበቃል። የከታር ወንዝ ከደጋው የሚነሡትን ጅረቶች ሰብስቦ ወደዚሁ ሐይቅ ይገባል። በሰሜን በኩል ደግሞ ዶዶታና ሲሬ ወደ አዋሽ ሸለቆ እየወረዱ የሚደርቁ ወረዳዎች ናቸው። መንገደኛ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከገብሱ ምድር ተነሥቶ ግራር ወዳለበት ቆላ ሊደርስ ይችላል። በአሰላ አጠገብ የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል በሚገኝበት በ2,200 ሜትር ከፍታ የዓመቱ ዝናብ በአማካይ ወደ 800 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ዝናቡ በበልግና በክረምት ተከማችቶ የሚወርድ ስለሆነ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ወራት በአብዛኛው ደረቅ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት በአገሪቱ ላይ የደረሰው ድርቅ የአርሲን ቆላማ ወረዳዎችም ክፉኛ ጎድቶ ነበር። ከእነዚህ ወረዳዎች ጥቂት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው ደጋ ደግሞ አገሪቱ በስንዴ ከምትመካባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እንግዲህ «ለአርሲ የሚሆን የቤት ፕላን» የሚባል አንድ ወጥ ነገር አለመኖሩ ከዚህ ይታያል።

የአርሲ ገበሬ ቀድሞ ተበታትኖ፣ እያንዳንዱ በማሳውና በከብቱ አጠገብ ይኖር ነበር። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (በአጭር ስሙ ካዱ) ሲቋቋም ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ወደ አገሩ ገባ፤ ትራክተርና ኮምባይነርም ተከትሎ መጣ፤ የግጦሹም መሬት እየታረሰ ሄደ። ስለዚህ ለውጥ ሲነገር የሚጠቀሰው የስንዴው ምርትና ከርስቱ የተነሣው ጭሰኛ ነው። ለቤት ሠሪው ግን ሌላም ትርጉም ነበረው፤ ለክዳን የሚሆነው ረጅም ሣር በቅሎበት የነበረው ሜዳ ማሳ ሆነ። በማጭድ ታጭዶ የሚገኘው ረጅም የስንዴና የገብስ አገዳም ኮምባይነር በገባበት ቦታ ተቆራርጦ የሚወድቅ ጭድ ሆነ። ይህ ጭድ ለጭቃ ማቡኪያ መልካም ነው፤ ለክዳን ግን አይረባም።

በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በአርሲ ክፍለ ሀገር በተካሄደ ጊዜ የቤት መሥሪያው ችግር አፍጥጦ ታየ። ዘመቻው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ከወሰደው የሠፈራ ፕሮግራም የተለየ ነበር፤ ገበሬውን በዚያው በአካባቢው ከተበታተነበት ሰብስቦ በመንደር የሚያኖር ነበርና። በአገር አቀፍ ደረጃ እስከ 1981 ዓ.ም. ድረስ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በመንደር ተሰበሰበ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲወጣ ደግሞ ብዙው ገበሬ ቤቱን እንደገና አፍርሶ ወደ ቀድሞ ይዞታው ተመለሰ። ሰውን ያለ ፈቃዱ ማንሣት ከሁሉ የሚቀድም ስሕተት መሆኑ በሌላ ቦታ ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ እዚህ አንመለስበትም። እኛን የሚያሳስበን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ለመሰብሰቡ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ንጹሕ ውሃ በቅርብ ለማዳረስ ያመቻል የሚል ነበር። በብዙ ቦታ ግን ቤቱ ቀደመ፤ ውሃው ዘገየ። ገበሬው የቀድሞ ቤቱን ምሰሶና ክዳን ተሸክሞ አዲሱ ቦታ ላይ ሲያቆም፣ የማይሸከመው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ጭቃው ነው።

ይህ ጭቃ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ እናስላ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 26 ሜትር ነው። የግድግዳው ቁመት 2.4 ሜትር ቢሆን በርና መስኮቱ ተቀንሶ 60 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ ይኖረዋል። ውፍረቱን 15 ሳንቲ ሜትር ብንል 9 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቋሚውና ማገሩ የሚይዘው ቦታ ሲወጣለት 8 ሜትር ኩብ ጭቃ ይቀራል። በደንብ የተቦካ ጭቃ ከመጠኑ አንድ አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው ብለን ብንወስድ፣ አንድ ቤት ለመጀመሪያው ምርጊት ብቻ 2,000 ሊትር ውሃ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህም 10 በርሜል ወይም 100 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ሁለተኛው ልስን ገና አልተቆጠረም። 200 ቤት ላለው መንደር 400,000 ሊትር ይሆናል። በአንድ ቤት 6 ሰው ቢኖርና ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢመደብ መንደሩ በቀን 18,000 ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ ግድግዳው የሚጠጣው ውሃ ለሕዝቡ 22 ቀን የሚበቃ ነው። ይህም ውሃ የሚቀዳው እህል ተሰብስቦ ጉልበት በሚገኝበት በበጋው ወራት፣ ማለትም ምንጩ በሚያንስበት ጊዜ ነው። ተሸካሚዎቹም ሴቶች፣ ልጆችና አህዮች ናቸው። የቤት ሥራ ሪፖርት «ይህን ያህል ቤት ተጠናቀቀ» ሲል ይህን ጉዞ አይቆጥረውም፤ በሪፖርቱ ውስጥ ቦታም አልተሠራለትም።

ለዚህ የሚሆነው መፍትሔ አዲስ ዕቃ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። በአገራችን የጭቃ ቤት አሠራር ምሰሶ፣ ቋሚና ማገር ከቆሙ በኋላ ጣሪያው ይከደንና ምርጊቱ ይከተላል። ይህ አሠራር ጥበብ ያለበት ነው፤ ሠፈራው ግን አይጠቀምበትም። አጽሙና ቆርቆሮው እስከ የካቲት መጨረሻ ቢያልቅ፣ የጭቃው ጉድጓድ በጣሪያው ጠፈፍ ሥር በቀጥታ ቢቆፈር፣ የበልጉ ዝናብ ራሱ ጭቃውን ያቦካል። ጣሪያው 40 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት፣ አንድ አምስተኛው ባክኖ ይቀራል ብንል እንኳ 640 ሊትር ያፈስሳል። እንዲህ ያለ ዝናብ ሦስት ጊዜ ከጣለ ለመጀመሪያው ምርጊት የሚያስፈልገው ውሃ ተገኘ ማለት ነው። ለጭቃ የሚሆን ውሃ ንጹሕ መሆን ስለማያስፈልገው ማጣሪያም፣ ክዳንም፣ አሸንዳም አይጠይቅም። ግድግዳው በጣሪያ ተሸፍኖ፣ በዝናብና በዝናብ መካከል በሚወጣው ፀሐይ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ቀስ ብሎ የደረቀ ጭቃ ደግሞ በበጋ ነፋስ ከተቃጠለው ያነሰ ይሰነጠቃል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ቤተሰቡ ግድግዳው ሳያልቅ ለጥቂት ሳምንታት በጊዜያዊ ከለላ መቆየቱ ነው። በአሰላ ከፍታ የሌሊቱ ብርድ ቀላል ስላልሆነ፣ ሸራና ብርድ ልብስ ለእነዚሁ ሳምንታት አስቀድሞ መመደብ አለበት።

እንጨቱን በተመለከተ፣ በአርሲ ደጋ የቤት እንጨት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጥድ ነበር። የሐበሻ ጥድ ምስጥ የማይደፍረው፣ በመሬት ውስጥም ለረጅም ዘመን የማይበሰብስ በመሆኑ ለምሰሶ ወደር የለውም፤ በዚሁም ምክንያት አለቀ። ዛሬ ጥድና ዝግባ የሚገኙት እንደ ሙኔሳ ባሉ ደኖች፣ በየአምልኮው ስፍራና በየገደሉ ስለሆነ፣ ለሠፈራ ቤት ጥድ እንዲቆረጥ የሚፈቅድ ኃላፊ የምንጮችን ራስ እየገለጠ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከአውስትራሊያ መጥቶ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ሰው ስለ ባሕር ዛፍ የሚናገረው ወይ ሙሉ ምስጋና ወይ ሙሉ እርግማን ነው፤ ሁለቱም ለዕቅድ አይጠቅሙም። በተረተርና በመንገድ ዳር ሲተከል ጥሩ የቤት እንጨት ነው፤ በምንጭ አፍና በረግረግ ዳር ሲተከል ግን ውሃውን ከሰው ጋር ይሻማል። ስለዚህ የችግኙ ቦታ በካርታው ላይ ከቤቱ ቦታ ጋር አብሮ ሊወሰን ይገባል። በምንጩ ዙሪያ የአገሩ ዛፍ ብቻ ይሁን፤ ከብት እንዳይገባም ይታጠር።

የእንጨቱም ብዛት ሊታሰብ ይገባል። በ26 ሜትር ዙሪያ ላይ ቋሚው በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቢቆም 130 ቋሚ ያስፈልጋል፤ ለ200 ቤት 26,000 ነው። ማገሩ፣ ወጋግራውና ምሰሶው ለብቻው ነው። ችግኙ ለእንጨት እስኪደርስ ጥቂት ዓመታት ስለሚፈልግና ሠፋሪው ግን ወዲያውኑ ስለሚገባ፣ ይህ ሁሉ ዛፍ የሚቆረጠው ሌላ ሰው ካበቀለው ነው። በአዲስ ሠፋሪና በነባሩ ሕዝብ መካከል የሚነሣ ጠብ ብዙ ጊዜ ከመሬት ይልቅ ከእንጨትና ከውሃ እንደሚጀምር በመስክ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በ1995 ዓ.ም. 440,000 አባወራዎችን በየክልላቸው ውስጥ ለማስፈር የተጀመረው ፕሮግራም ሰውን ከክልሉ ባለማስወጣቱ ከቀድሞው የተሻለ ነበር። ቢሆንም ተቀባዩ መንደር «ስንት ዛፍ ይቆረጥብኛል?» ብሎ ለሚጠይቀው ጥያቄ አስቀድሞ በቁጥር መልስ ሊዘጋጅለት የሚገባ ነው።

እንጨት የማይበላ ግድግዳ የሚታሰበው ከዚህ የተነሣ ነው። በደጋው ብዙ ቦታ ለመሠረት የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ከማሳ ላይ ይለቀማል፤ በስምጥ ሸለቆው በኩልም በቀላሉ የሚጠረብ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይገኛል። ባለበት ቦታ መሠረቱና ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው ግድግዳ ከድንጋይ ቢሠራ ምስጥና ከጠፈፍ የሚፈናጠቅ ውሃ ወደ ላይኛው ክፍል አይደርስም። በቆላው ምስጥ የሚበዛ ስለሆነ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የአፈሩ ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በሜዳው ላይ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፤ በላዩ የተሠራን ቤት ይሰነጥቃል፤ ለግድግዳም ቢቦካ ሲደርቅ ይፈረከሳል። ሜዳው ለካርታ ስለሚያመችና ቤቶቹን በመስመር ለመደርደር ስለሚቀል፣ መንደር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚሁ በዋልካ ላይ ነው። ነባሩ ገበሬ ቤቱን ከሜዳው ከፍ ብሎ በቀይ አፈር ላይ የሚሠራው በከንቱ አልነበረም። ቀዩ አፈር ይጠነክራል፤ ጎርፍ አይተኛበትም፤ ዋልካውም ለእርሻ ይተርፋል። ለመፈተን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጎኑና ጥልቀቱ አራት አራት ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ተሠርቶ በረጠበ አፈር ይሞላና እስኪደርቅ በጥላ ይቀመጣል። አፈሩ ሲደርቅ ርዝመቱ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ካጠረ ያ አፈር ብቻውን ለጡብ አይሆንም፤ አሸዋ ይጨመርበት ወይም ሌላ ይፈለግ። ከ3 ሳንቲ ሜትር በታች ካጠረ ጥቂት ሲሚንቶ ገብቶበት በእጅ መጭመቂያ ሊታተም ይችላል። ይህ መጭመቂያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ የተፈለሰፈውና «ሲንቫ ራም» እየተባለ በብዙ የታዳጊ አገሮች የተሠራጨው ዓይነት ነው። የጡቡ አፈር እርጥብ እንጂ ጭቃ ስለማይሆን ከምርጊት በጣም ያነሰ ውሃ ይበቃዋል። መጠኑ የሚለየው እንዲህ ነው፦ አፈሩ በእጅ ተጨብጦ ከደረት ቁመት ሲወድቅ በጥቂት ቁራጭ ከተሰበረ ልክ ነው፤ እንደ ሊጥ ከተጠፈጠፈ ውሃው በዝቷል፤ ሙሉ በሙሉ ከተበተነ አንሷል። ጡቡ ከወጣ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል እርጥበቱ መጠበቅ ስላለበት በላስቲክ ወይም በጭድ ይሸፈን። በየቀኑ ውሃ እየረጩ ፀሐይ ላይ መተው የተቆጠበውን ውሃ መልሶ ማባከን ነው።

ከመስክ ሥራችን እጅግ የራቀ የሚመስል አንድ ምሳሌ እዚህ ማንሣት ይጠቅማል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ረሃብተኞች ምስል በዓለም ቴሌቪዥን በታየበት በዚያው ወር፣ በዋሽንግተን ሰው በጨረቃ ላይ ስለሚሠፍርበት ሁኔታ የሚመክር ጉባኤ ተደርጎ ነበር። የጉባኤው ዋና ችግር ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ግድግዳ ከሩቅ አይጓዝም፤ ውሃም እንዲሁ። ትውልደ ኢራናዊው አርክቴክት ናደር ኻሊሊ በዚህ ምክክር ላይ የጨረቃ ቤት ከዚያው ከጨረቃ አፈር እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ፤ ኋላም ያንኑ ሐሳብ ወደ ምድር አውርዶ አፈር የተሞላ ከረጢት በእሾህ ሽቦ እያያያዙ መደርደርን አስተማረ። በ1995 እ.ኤ.አ. በኢራን በባኒናጃር የስደተኞች መጠለያ በዚህ ዓይነት የተሠሩ ቤቶች ቆመዋል። የውሃው ነገር ደግሞ በጠፈር ጣቢያ ላይ እስከ ዛሬ ሲሠራበት ቆይቶ፣ በ2015 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሠራተኞቹን ላብ፣ ትንፋሽና ሽንት ሳይቀር እያጣራ 98 በመቶ የሚሆነውን ውሃ መልሶ ለመጠቀም በቅቷል። ለእኛ የሚሆነው መሣሪያው ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ ማንኛውም ሊትር ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ይመዘገባል።

ከረጢቱ ግን በቀጥታ ይጠቅመናል። የእርዳታ እህልና ማዳበሪያ የሚመጣበት፣ በገበያ ቋንቋ ራሱ «ማዳበሪያ» የሚባለው ፕላስቲክ ጆንያ በየማከፋፈያው ጣቢያ ተከምሮ ይገኛል። እርጥብ አፈር ተሞልቶ በረድፍ ሲደረደር፣ በየረድፉ ሁለት መስመር የእሾህ ሽቦ ሲገባበትና በላዩ ሲረገጥ ቋሚና ማገር የማይፈልግ ወፍራም ግድግዳ ይሆናል። እንጨት የሚያስፈልገው ለጣሪያው ብቻ ነው። ጆንያው በፀሐይ ብርሃን ቶሎ ስለሚቀደድ ሳይዘገይ በጭቃና በጭድ መለሰን አለበት። ኻሊሊ ከከረጢቱ የሠራውን ጉልላት ጣሪያ ግን ለአሰላ ደጋ አንመክርም፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ጉልላት ያፈስሳል፤ ለመጠጥ የሚሆነውንም ውሃ አይሰበስብም። የእህል ማከማቻና የጥበቃ ቤት በመሳሰሉት ትንንሽ ሕንፃዎች ተሞክሮ ሕዝቡ ካየው በኋላ ወደ መኖሪያ ቤት ቢዛወር የተሻለ ነው። ሰው ጆንያ ግድግዳ ውስጥ ግባ ሲባል እንደ መናቅ ሊቆጥረው ይችላል፤ ይህም ስሜት ከአፈሩ ጥራት ያላነሰ ግምት ይገባዋል።

ጣሪያን በሚመለከት የሣር ክዳን በደጋው ብርድ ሞቃት፣ ለመሥራትም ያገሬው ሰው ጥበብ የሚበቃው ነው። ነገር ግን ሣሩ ከመጥፋቱም በላይ ከሣር የሚወርደው ውሃ ጠቁሮ ስለሚወርድ አይጠጣም። ቆርቆሮው ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ቀን ይግላል፤ ዝናብ ሲጥል ጆሮ ያደነቁራል። ያም ሆኖ ለሠፈራ ቤት ቆርቆሮን እንመርጣለን፤ ምክንያታችንም ውሃው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ አንድ አምስተኛው ባክኖ 25,600 ሊትር ይገኛል። በቆላው 600 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ዓመት እንኳ 19,200 ሊትር ነው። «ስፊር» በሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መለኪያ መሠረት ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢመደብ 6 ሰው ያለው ቤተሰብ በቀን 90 ሊትር ያስፈልገዋል። 25,600 ሊትር ለ284 ቀን ይበቃል ማለት ነው።

ይህ ስሌት በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም ውሃው የሚወርደው በጥቂት ወራት ስለሆነ ማጠራቀሚያው ነው ወሳኙ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ላሉት 150 ቀኖች ሁሉንም ፍላጎት ለመሸፈን 13,500 ሊትር ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ለአንድ ገበሬ ቤት ከባድ ነው። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ለአንድ ሰው 5 ሊትር ቢታሰብ ግን 4,500 ሊትር ይበቃል። ዲያሜትሩና ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነ፣ በወንፊት ሽቦና በሲሚንቶ የተለሰነ ክብ ጋን ይህንኑ ይይዛል። ጋኑ መከደን አለበት፤ ካልተከደነ በቆላው የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ አሸንዳው ከጋኑ ተነጥሎ ወደ ውጭ እንዲያፈስስ ይደረግ። ገንዘቡ ለየቤቱ ካልበቃ ከትምህርት ቤቱ ይጀመር። 8 በ40 ሜትር የሆነ የትምህርት ቤት ጣሪያ በ800 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከ200,000 ሊትር በላይ ይሰጣል። ብዙ ትምህርት ቤቶች በቆርቆሮ ተከድነው አሸንዳ የላቸውም፤ ይህን ያህል ውሃ በየዓመቱ ግቢውን አጥቦ ይሄዳል።

በስምጥ ሸለቆው በኩል ለሚገኙት ቦታዎች የጣሪያ ውሃ ሌላም ጥቅም አለው። በዚያ አካባቢ የሚቆፈረው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የፈቀደው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ያለፈውን ውሃ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንቱ ይጎዳል። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ሲፈልቅ ሁሉም ይደሰታል፤ ውሃው ሳይመረመር ቦኖው ተመርቆ የሚከፈትበት ጊዜ ግን አለ። የዝናብ ውሃ ይህ ችግር የሌለበት ስለሆነ፣ ጉድጓዱ ለማጠቢያና ለከብት፣ የጣሪያው ጋን ለልጆች መጠጥ ሊመደብ ይችላል።

በደጋው ግን ከሁሉ የሚሻለው ከተራራ በስበት የሚወርድ ምንጭ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የሄጦሳ የውሃ ሥራ ከባዳ ተራራ ምንጮች ተነሥቶ ያለ ፓምፕ፣ ያለ ነዳጅ በ140 ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ከ100 በላይ ለሆኑ ቦኖዎች ውሃ በማድረስ 60,000 ለሚሆን ሕዝብ የጠቀመ ነው። ያስተዳደረውም ሕዝቡ በመረጠው ኮሚቴ፣ ከቦኖው በሚገኘው ክፍያ ነው። ከዚያም ቀደም ሲል በዶዶታ በስዊድን እርዳታ በተሠራው የውሃ ሥራ ሴቶች በኮሚቴውና በቦኖ ጠባቂነት ዋና ተካፋዮች ነበሩ። ውሃ የምትቀዳው ሴት ቧንቧው በተበላሸ ቀን የሚያገኛትን ድካም ስለምታውቅ ጥገናውን አታዘገየውም፤ ኮሚቴው የወንዶች ብቻ ሲሆን የሚደርሰው ተቃራኒው ነው።

የሠፈራ ቦታ የሚመርጥ ቡድን ምንጩን መለካት ያለበት በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ፣ በልጉ ሳይገባ ነው። በመስከረም የተለካ ምንጭ ሁሉ ይበቃል። ለመለኪያ አንድ ጄሪካንና ሰዓት ይበቃል። 20 ሊትር በ40 ሴኮንድ የሚሞላ ከሆነ፣ ሌሊቱን የሚያጠራቅም ገንዳ እስካለ ድረስ ምንጩ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል። የ200 ቤት ሕዝብ 18,000 ሊትር ይወስዳል። በየቤቱ አራት ከብት ቢኖርና ለአንድ ከብት በቀን 25 ሊትር ቢታሰብ 20,000 ሊትር ለከብቱ ይሆናል፤ የአርሲን ገበሬ ያለ ከብት ማቀድ አይቻልምና ይህ ቁጥር አይዘለልም። በቀን 5,200 ሊትር ይተርፋል። ለግድግዳው የተሰላው 400,000 ሊትር ከዚህ ትርፍ ብቻ ቢቀዳ 77 ቀን ይፈጃል። የቤት ሥራው በጥር አጋማሽ የሚጀመር ከሆነ ምርጊቱ በመጋቢት መጨረሻ ማለት ነው፤ ያውም ሁለተኛው ልስን ሳይጨመር፣ ገንዳው ሳያፈስስ፣ የጎረቤት መንደር ከብት ሳይመጣበት። ጣሪያው ቀድሞ ከተከደነና ጉድጓዱ በጠፈፉ ሥር ከተቆፈረ ግን ምንጩ ለሕዝቡና ለከብቱ ብቻ ይቀራል።